ማን ነው የሚያጎርሳት?

ናዝሬት ውስጥ ልጆች በማክምበት ክፍል ወፍራም ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት ሁሉ፣ ወንበሩ ላይ ሳትደላደል የምትለኝ አንድ ነገር ነው። «ሲስተር፣ ይቺ ልጅ እኮ ምንም አትበላም!» ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ የቀሚሷ ቁልፍ ሊበጠስ ምንም ሳይቀረው፣ ወለሉን ታያለች። እናትየዋ አልዋሸችም። ልጇ ስትበላ አላየቻትም፣ በቃ። ወጣት ባልደረቦቼ ወዲያው ስለ ዘይት፣ ስለ ለስላሳ መጠጥ፣ ስለ እንቅስቃሴ ማስተማር ይጀምራሉ። ትምህርቱ ልክ ነው፤ ግን ልጅቷ እዚያው ተቀምጣ ስለ እሷ እንደ ዕቃ ሲወራ ደሜ ይፈላል። እኔ መጀመሪያ በሩን እዘጋለሁ። ቀጥሎ «ማን ነው የሚያጎርሳት?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናቶቹ አእምሮዬን የሳትኩ ይመስል ያዩኛል። ጥያቄውን ያገኘሁት ከነርስነት ትምህርት ቤት አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ ወለል የማይ ልጅ ነበርኩ።

የሶማሌ ጦርነት ሲጀመር ዐሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ወደ አሰብ በሚወስደው አስፋልት ዳር ምግብ ቤት ነበራት። ምግብ ቤት ማለቴ በትልቁ ነው እንጂ፣ ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ ከኋላ ጓዳ፣ ከፊት ደግሞ ከባድ መኪኖች ከነተሳቢያቸው የሚቆሙበት አቧራማ ሜዳ ነበር። አባቴ ኤንትሬ የምንላትን ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ መኪናዋም እሱም ተፈለጉና፣ ለሠራዊቱ ስንቅ ጭኖ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ሲወጣ ክላክሱን አስጮኸልኝ፤ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ በረገገ፤ እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እየሳቅኩ የሸኘሁት እንደ ወትሮው ቅዳሜ የሚመለስ መስሎኝ ነው።

ያኔ ወፍራም አልነበርኩም። እንዲያውም ቀጭንና ሳላም ልጅ ነበርኩ። ክረምት በገባ ቁጥር እተኛለሁ፤ እናቴ ደረቴን ቅባት እያሸች ታድራለች። ወንድምም እህትም የለኝም፤ ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ቀርተዋል። ስለዚህ እናቴ እኔን የምታየኝ፣ ሰው በእጁ የያዘውን እንቁላል በሚያይበት ዓይን ነበር። አባቴ ግን «ጭራሮዬ» እያለ አንስቶ ትከሻው ላይ ያስቀምጠኝ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ ቤታችን የሚበሉት ሾፌሮች አብዛኞቹ የእሱ ጓደኞች ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ አጠገብ አንዲት በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። እነሱ ከመኪናቸው ወርደው፣ ፊታቸውን በቧንቧው ታጥበው ሲገቡ፣ ጭንቅላቴን ነካ አድርገው ያልፋሉ። መጀመሪያ ይኸው ነበር። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ አንዱ ከጠረጴዛው ጠራኝና አጎረሰኝ። ቀጥሎ ሌላው ጠራኝ። ከዚያ ወዲያ ሳያጎርሰኝ የሚበላ ሾፌር ጠፋ። ሙስሊሞቹ ከእኛ ቤት ሥጋ ባይበሉም፣ በሽሮውም በእንቁላሉም አያልፉኝም ነበር። ከአሰብ የሚመለሱት ቴምርና ብስኩት፣ ከመተሐራ በኩል የሚመጡት ሸንኮራ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚታደልበት ዘመን፣ የእኔ ሻይ ማንኪያ የሚያቆም ነበር።

ከሁሉም የአባቴ የቅርብ ጓደኛ የነበረው የወለንጪቲ ሰው ጉርሻው ይተልቃል። «ኢንተላ ኮ» ነው የሚለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «ነዪ ኢንተላ ኮ፣ ነዪ እስቲ ወዲህ!» ይልና፣ ከጥብሱ ለስላሳ ለስላሳውን መርጦ፣ ጠቅልሎ ጠቅልሎ ጡጫ የሚያህል ያደርገዋል። አፌን እስኪያመኝ ከፍቼ እቀበለዋለሁ። እጁ የናፍጣ ሽታ ነበረው። የአባቴም እጅ እንደዚያ ነበር የሚሸተው፤ ለዚያ ሽታ ስል ጠግቤም ቢሆን እምቢ አልልም ነበር። አንዳንዴ «ጋሼ፣ አባዬን…» ብዬ ስጀምር ሌላ ጉርሻ ይመጣል። አኝኬ እስክጨርስ እሱ ከረዳቱ ጋር ስለ ጎማ ማውራት ጀምሯል።

እናቴ በእኔ ፊት አትበላም ነበር። ሳህኔን ታቀርብልኝና ወደ ጓዳ ትመለሳለች። «አንቺስ እማዬ?» ስላት «እኔ እዚያ ቀማምሻለሁ፣ አንቺ ብዪ ሆዴ» ትለኛለች። እኔ ከወር ወር ስሰፋ እሷ ትጠብ ነበር፤ ቀሚሷን በየጊዜው ከጎን ትሰፋዋለች፣ የእኔን ትተረትረዋለች። አንድ ቀን ጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ ጥቁር የውስጥ ቀሚስ ተሰጥቶ አየሁ። የማን እንደሆነ ስጠይቃት «ያረጀ ነው፣ ነክሬው ነው» አለችና ወዲያው አነሳችው። ገና አልደረቀም ነበር።

ሳሌ ጠፋ። ክረምት ሲመጣ አልተኛሁም። ሰው ሁሉ ተደሰተ። ጎረቤቶች ጉንጬን እየቆነጠጡ «አሁን ሰው ሆነች!» አሉ። አዲስ የሚመጣ ሾፌር በሩ ላይ ሲያየኝ «የዚህ ቤት ምግብ ገና ከበሩ ይታወቃል» ብሎ ይገባል። ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ አልነበረውም፤ እኔ በቂ ነበርኩ።

ትምህርት ቤት ግን ሌላ አገር ነበር። ያን ጊዜ ስድቡም አብዮታዊ ነው። ሌላ ዘመን ቢሆን «ዱባ» ብለው በተዉኝ፤ የእኔ ዘመን ልጆች «ቡርዧ» አሉኝ። ወረፋ ይዤ ቧንቧ ስጠጋ «የሰፊውን ሕዝብ ውኃ ጠጥታ ልትጨርስ ነው» ይላሉ። የኪነት ቡድኑ ድራማ ሲያዘጋጅ አስተማሪያችን ክፍሉን በዓይኑ ዞረና እኔ ላይ ቆመ። ባላባት ሆንኩ። ከእኔ በፊት ባላባት የነበረው ልጅ ሆዱ ላይ ትራስ ያስር ነበር፤ እኔ ጋ ትራሱ ተረፈ። በየበዓሉ ሰፊው ሕዝብ ይነሳብኝና መሬቴን ይወስዳል፣ እኔ መሬት ላይ እወድቃለሁ፣ ይጨበጨባል። ድራማው ሲያልቅ ሰፊው ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔ የተቀባሁትን ጢም እየጠረግሁ ከኋላ ብቻዬን እከተላለሁ። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አላባረረኝም። ዝም ብሎ አብሮኝ የሚሄድ ሰው አልነበረም። በጣም ብቸኛ ነበርኩ፤ ያን ያህል እጅ እያጎረሰኝ ብቸኛ መሆኔን ደግሞ ለማን እንደምናገር አላውቅም ነበር።

ለአብዮት በዓል ሰልፍ በምንለማመድበት ቀን ፀሐዩ የናዝሬት ፀሐይ ነበር። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እየተባለ ሜዳውን ስንዞር ትንፋሼ አጠረ፣ ጭኔና ጭኔ ተፋፍቆ ነደደ፣ ከዚያ ሜዳው ዞረብኝ። ስነቃ አስተማሪው በደብተር ያራግበኝ ነበር። በማግስቱ እናቴ ምግብ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነበረች፤ ወጣት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ነገር ግን ለማንም የማትመለስ። ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። መጀመሪያ ያደረገችው ሰውን ሁሉ አስወጥታ በሩን መዝጋት ነው፤ ከዚያ ሚዛኑ ላይ አወጣችኝ። ቁጥሩን አንብባ ካርዴ ላይ ጻፈችው። ጮክ ብላ ባለመናገሯ ብቻ ወደድኳት።

«ምን ትበላለች?» አለች እናቴን።

«ምንም አትበላም ሲስተር! ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ትንሽ፣ ማታ እሱንም ለምኛት ነው።»

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ንገሪኝ እስቲ። ማን ነው የሚያጎርስሽ?»

«ሾፌሮቹ።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። አሁን ቁጣ ይመጣል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ነርሷ ግን አልተቆጣችም። ወንበሯን ስባ ከእናቴ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። «እትዬ፣ ጥፋተኛ አንፈልግም። ልጅቷን ለብቻዋ ብንከለክላት ተደብቃ ትበላለች፤ ብናስርባት ትታመማለች። የሚታረመው የቤቱ አበላል ነው፣ የእርስዎም የእሷም» አለቻት። ጣፋጩን ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ ሻዩን በትንሽ ስኳር ሁለታችሁም ልመዱት፣ ገበያ ስትሄዱ ጋሪ ትታችሁ በእግር ሂዱ፣ ከእርስዎ ሌላ ሰው አያጉርሳት። እናቴ ለሁሉም «እሺ» አለች። ነርሷ ቀጠለች፦ «ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ሥራውን ትተው ፊት ለፊቷ ተቀምጠው አብረዋት ይብሉ። የምትበላውን ያያሉ፣ እሷም ሳታኝክ አትውጥም። ተረጋግታችሁ ወሬ እያወራችሁ ብሉ።»

«ለወሬ ጊዜ የለኝም» አለች እናቴ። ድምፅዋ ድንገት ደረቀ።

ነርሷ ከጎኑ የተሰፋውን የእናቴን ቀሚስ አየች። «እርስዎስ ለምን እንዲህ ከሱ?»

«ሥራ ነው ሲስተር፣ እሳት ላይ መዋል።»

ሲስተር ያለችው ሁሉ ውሎ አድሮ ትክክል ሆነ። ከእናቴ ጋር ባንድ ትሪ እየበላሁ፣ ገበያ በእግሬ እየተመላለስኩ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ እኩዮቼ ሆኛለሁ፤ ያኔ የተማርኩትንም ዛሬ ለሌሎች ቤተሰቦች አካፍላለሁ። ነገር ግን ወደዚያ የደረስነው ሲስተር ባሰበችው መንገድ አይደለም።

እናቴ ከታዘዘችው ሁሉን አደረገች፤ አንዱን ብቻ አላደረገችም። ስኳሩን ቀነሰች። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግራችን ገበያ ሄድን፤ እሷ ከፊት ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ። «አባዬ ቢኖር በመኪናው ያደርሰን ነበር» ስላት፣ የሽንኩርቱን ዋጋ የምትጠይቀው ሰው ታገኛለች። ቤት ስንመለስ ሳህኔን ለክታ ታቀርብልኝና ወደ ጓዳዋ ትገባለች። ነርሷ በሌላ ቀን «አብረው ይበላሉ አይደል?» ብላ ስትጠይቃት «አዎ» አለች። እኔ ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ ግን አላየችኝም።

ለሾፌሮቹም ነገረቻቸው። «ሐኪም ከልክሏታል፣ እባካችሁ አታጉርሱብኝ» አለች። ይቆጣሉ ወይም ይቀልዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁሉም ግን አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛቸው የሚጠራኝ ጠፋ። ሲገቡ በሌላኛው የበሩ ጎን ያልፋሉ፣ ቶሎ በልተው ቶሎ ይወጣሉ፤ ቴምር ያመጣ እንኳ ለእናቴ አቀብሎ ይሸሻል። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጀርባቸውን አያለሁ። መቅጠን ማለት ይህ ከሆነ አልፈልገውም ብዬ አለቀስኩ። ለካ እኔ የምጠብቀው እንጀራውን አልነበረም፤ ያንን የናፍጣ ሽታ፣ «ነዪ» የሚለኝን ድምፅ ነበር። እነሱ ለምን እንደሸሹኝ ደግሞ ፈጽሞ አልገባኝም።

የወለንጪቲው ሰው በዚያ ሰሞን አልነበረም። መኪናው ተበላሽታበት ሚሌ ላይ ብዙ ቆይቶ ነው የተመለሰው፤ ስለ ክልከላው አልሰማም። እኩለ ቀን ላይ፣ ቤቱ በሾፌር ሞልቶ ሳለ፣ ኮፍያውን እያራገፈ ገባ። ጥብስ አዘዘ። ትሪው ሲቀርብ ወደ በሩ ዞሮ እንደ ዱሮው ተጣራ። «ኢንተላ ኮ! ነዪ እስቲ!»

እየሮጥኩ ሄድኩ። ስንት ጊዜ ነው እንደዚያ ያልተጠራሁት! እሱ ለስላሳውን መርጦ፣ ጠቅልሎ፣ እጁን ዘረጋ። አፌ ሊከፈት ነበር። ከዚያ የሲስተር ፊት ታወሰኝ።

«ጋሼ፣ ሲስተር ከልክላኛለች» አልኩት።

«ትንሽ ናት፣ ይቺን ብቻ። በሞቴ!»

«አልችልም ጋሼ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ሌሎቹ ሾፌሮች መብላት አቆሙ። እኔ አጠገቡ እንደቆምኩ ነኝ። እሱም ስለ ጎማ አያወራም፣ እኔም አላኝክም። አፌ ባዶ ነበር፤ ስለዚህ ለብዙ ጊዜ እዚያ የነበረው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ወጣ።

«ጋሼ፣ አባዬን በመንገድ አላዩትም?»

ጉርሻውን መለሰና የትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ የሚያስቀምጥ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ኮፍያውን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ። ከኋላው የተቀመጠው ሾፌር ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሌላውም ተነሳ፤ ሁሉም እጃቸው ወጥ እንደነካ ቆሙ።

እናቴ የጓዳው በር ላይ ነበረች። ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም። መጣች። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች፣ ወንበር ሳበች፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሾፌሩ ሊናገር ሲል «ተወው ወንድሜ፣ እኔ ልንገራት» አለችው። ከዚያ እጄን ያዘች።

«አባትሽ አርፏል፣ ልጄ።»

«መቼ?»

«አንቺን ሾፌሮቹ ማጉረስ ከመጀመራቸው በፊት። እሱም ስንቅ ጭኖ አብሮት ነበር፣ ሲሞት ያየው እሱ ነው፣» ብላ ፊቱን በኮፍያው ወደሸፈነው ሰው አመለከተች። «ከመንግሥት የመጣ ወረቀት የለም። ጓደኞቹ ናቸው ቀብረውት የመጡት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳላም ነበርሽ። ጭራሮ ነበርሽ። በዚያ ገላሽ ላይ መርዶ እንዴት ይነገራል? እንግደላት እንዴ? ትብላ፣ ትጠንክር፣ ከዚያ እንነግራታለን አልን። ሁሉም እሺ አሉኝ። ስትጠነክሪ ደግሞ… ዛሬ ነገ ስል… አቃተኝ።»

ቆመው የነበሩትን አንድ በአንድ አየኋቸው። እነዚያ ሁሉ እጆች ለዚህች ቀን ሲያሰናዱኝ ነበር የከረሙት። ጥቁሩ የውስጥ ቀሚስ ትዝ አለኝ። እናቴ ሐዘኗን ከቀሚሷ ሥር ለብሳ፣ ከላይ አበባ ያለበት ቀሚስ አድርጋ ለሰው ወጥ ስትቀዳ ኖራለች። ጓዳ ገብታ የምትቀማምሰው ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ፊት ለፊቴ ያልተቀመጠችውም ጊዜ አጥታ አልነበረም።

ከዚያ እናቴ ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። አፏ ተከፍቶ ቀረና፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሆዷ የሚወጣ ድምፅ መጣ። እናቴን እንደዚያ አይቻት አላውቅምና ፈራሁ። ላጽናናት ፈለግሁ፤ እኔ የማውቀው ማጽናኛ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከትሪው እንጀራ ቆረስኩ፣ ለስላሳ ሥጋ መረጥኩ፣ ጠቀለልኩ። እጄን ወደ ተከፈተው አፏ ዘረጋሁ።

ከከንፈሯ ሳይደርስ እጄ ቆመ።

ጉርሻውን መልሼ የትሪው ጠርዝ ላይ፣ ከሾፌሩ ጉርሻ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«አልቅሺ እማዬ» አልኳት።

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ጥብሱ እዚያው እንደቀረበ ቀዘቀዘ።